ለተክል አኳሪየም የቱ መደብ ይሻላል? የታሸገ አፈር፣ አሸዋ፣ ወይስ አፈር ከሥር አሸዋ ከላይ?

የጠዋት ጠል

ሰላም ለቤቱ። አዲስ አበባ ውስጥ 80 በ35 የሆነ፣ ቁመቱ 40 ሴንቲሜትር የመስታወት ገንዳ ለተክል እያዘጋጀሁ ነው። የሚተከሉት አንድ አማዞን ሶርድ፣ ከኋላ ቫሊስኔሪያ፣ መሀል ላይ አምስት ስድስት ክሪፕት፣ ከዚያ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ናቸው። ዓሣ ቆይቶ ነው የሚገባው፤ ስምንት ኮሪዶራስና አሥራ ሁለት ኒዮን ቴትራ ታስቧል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር የለም፣ መብራቱ መካከለኛ ኤልኢዲ ነው።

ያልቆረጥኩት የመደቡን፣ ማለትም ገንዳው ወለል ላይ የሚነጠፈውን ነገር ነው። አንደኛው አማራጭ ከዱባይ በሻንጣ የሚመጣ ባለ 9 ሊትር አኳሶይል፣ ለገንዳ ተክል ተዘጋጅቶ የታሸገው አፈር ነው፤ ኪሎው ስለማይፈቅድ ከአንድ ከረጢት በላይ አይገኝም። ሁለተኛው ከግንባታ ዕቃ ሻጭ የሚገዛ የወንዝ አሸዋ። ሦስተኛው የግቢ አፈር ከሥር አንጥፎ አሸዋ ማልበስ።

የቧንቧውን ውሃ በጠብታ መመርመሪያ ሁለት ጊዜ ለክቻለሁ። መጀመሪያ ኬኤች (የካርቦኔቱ መጠን) 3፣ ፒኤች (የአሲድነቱ ልክ) 7.2 ነበር። በሳምንቱ ኬኤች 8፣ ፒኤች 7.8 ሆነ። ውሃ በፈረቃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ 500 ሊትር ሮቶ አለን። አንድ ከረጢት ይበቃል? አሸዋው ደህና መሆኑ በምን ይታወቃል? ጥልቀቱስ ስንት ይሁን? እህታችሁን መላ በሏት።

ሥር ተካይ

እህቴ፣ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው ያነሳሽው፤ ውሃውን። መደብ የሚመረጠው ውሃው ከታወቀ በኋላ ስለሆነ ሁለት ጊዜ መለካትሽ ብዙ ድካም ያድናል።

የአዲስ አበባ ውሃ ከሁለት ዓይነት ምንጭ ይመጣል። ለገዳዲ፣ ድሬና ገፈርሳ በግድብ የተጠራቀመ ውሃ ነው፣ ካርቦኔቱ ትንሽ ነው። በአቃቂ በኩል ያለው ከጥልቅ ጉድጓድ የሚሳብ ነው፤ ማዕድኑ ይበዛል፣ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። አንዴ 3 አንዴ 8 ማግኘትሽ ሁለቱ ስለሚፈራረቁባችሁ ይመስላል።

ይህ ለምን ያገባናል? አኳሶይል ተድቦልቡሎ በሙቀት የደረቀ አፈር ነው፤ ከሁሉ የታወቀው የጃፓኑ ኤዲኤ አማዞኒያ ነው። ሁለት ሥራ ይሠራል። ምግብ ይዞ ቀስ እያለ ለሥር ይሰጣል፤ ደግሞም ከውሃው ካርቦኔት እየወሰደ ኬኤችንና ፒኤችን ያወርዳል። ይህ ሁለተኛው ሥራ የሚያልቅ ነው። ኬኤች 3 በሆነ ውሃ ከዓመት በላይ ሊሄድ ይችላል። በየሳምንቱ ኬኤች 8 የሆነ ውሃ ከተገለበጠበት ግን በጥቂት ወራት ይደክማል። ከዚያ በኋላም ለሥር ጥሩ አፈር ሆኖ ይቀጥላል፣ ፒኤች ማውረዱ ብቻ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ለፒኤች ብለሽ ከሆነ የምትገዢው ገንዘብሽን ታባክኛለሽ፤ ለሥር ብለሽ ከሆነ ይክሳል።

ሁለተኛው ጉዳይ አሞኒያ ነው። አዲስ አኳሶይል ከ2 እስከ 4 ሳምንት ዓሣ የሚመርዘውን አሞኒያ ይለቃል። ፒኤች ከ7 በታች ሲሆን አብዛኛው መርዝነቱ አነስተኛ የሆነው አሞኒየም ሆኖ ስለሚቆይ ጉዳቱ ቀላል ነው። ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ ግን መርዛማው ድርሻ ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ያድጋል። በ7.8 ውሃ ላይ አዲስ አፈር አድርጎ ዓሣ ማስገባት ማለት በቀጥታ መግደል ነው።

ሦስተኛው ፈረቃው ነው። የአኳሶይል ማሸጊያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ ግማሽ ውሃ ቀይሩ የሚል ነው። ያንቺ ገንዳ ሲሞላ 85 ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል። ግማሹ 40 ሊትር፣ ማለትም 2 ጀሪካን ነው፤ በሳምንት 280 ሊትር። ቤተሰቡ የሚጠጣበትና የሚያጥብበት ባለ 500 ሮቶ ላይ ይህ ይከብዳል። ዓሣ እስካልገባ ድረስ በየ3 ቀኑ መቀየር ይበቃል። የሚመጣው ጣጣ አልጌ ትንሽ መብዛቱ ስለሆነ መብራቱን በቀን ከ6 ሰዓት አታስበልጪ።

አሁን ወደ ስፍሩ እንምጣ። ርዝመት በወርድ በጥልቀት አባዝተሽ ለ1,000 ስታካፍይ ሊትሩ ይመጣል። መላውን ወለል በ6 ሴንቲ ለማንጠፍ 80 በ35 በ6፣ 16.8 ሊትር ያስፈልጋል። አንድ ከረጢት ሲነጠፍ 3.2 ሴንቲ ብቻ ይሆናል፤ ለአማዞን ሶርድ አይበቃም።

ስለዚህ እኔ የምመክረው ከረጢቱን ከኋላ ብቻ ማድረግ ነው። ከኋላው መስታወት 23 ሴንቲ ለኪና እዚያ 5 ሴንቲ አፈር አንጥፊ፤ 80 በ23 በ5 ሲባዛ 9.2 ሊትር ነው፣ ከረጢቱ በልኩ ያልቃል። ከፊት የቀረው 12 ሴንቲ አሸዋ ይሁን፣ 3 ሴንቲ ከፍታ። ይህም ወደ 3 ሊትር፣ ከ5 ኪሎ ያነሰ አሸዋ ነው። ኮሪዶራሶቹ በአፋቸው የሚያበጥሩበት ሜዳ ያገኛሉ፣ ሥር የሚሰዱት ተክሎች አፈር ያገኛሉ።

በሁለቱ መካከል አጥር ካልተደረገ በወር ውስጥ ይቀላቀላሉ። ከፕላስቲክ ጠርሙስ 4 ሴንቲ ቁመት ያለው ጥብጣብ ቆርጠሽ አቁሚና ከፊቱ ድንጋይ ደርድሪበት። ድንጋዮቹ መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ይቀመጡ፣ አፈሩና አሸዋው ከዚያ በኋላ ይፍሰስ። አሸዋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ኮሪዶራስ ከሥሩ ሲቆፍር ይንሸራተታል፤ መስታወት የሚሰነጠቀው እንዲህ ነው።

አኑቢያስና ጃቫ ፈርን መደብ አያስፈልጋቸውም። አግዳሚው ግንዳቸው አፈር ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ በክር እሰሪያቸው።

ባለወንፊት

ከላይ የተጻፈውን አከብራለሁ፤ በእኔ ግምት ግን ለዚህ ገንዳ ከረጢቱ ባይመጣም ይሆናል። ከአምስቱ ተክሎች ሁለቱ መደቡን አይነኩትም። ቫሊስኔሪያ ካርቦኔትን ከውሃው ስለሚጠቀም ኬኤች 8 አይከፋውም። የቀሩት ክሪፕትና አማዞን ሶርድ በአሸዋ ላይ ሩት ታብ በሚባለው የሥር እንክብል በደንብ ያድጋሉ። አሸዋ አሞኒያ አይለቅም፣ አያረጅም፣ በየሳምንቱ የሚለዋወጠው ኬኤች አያናውጠውም። በፈረቃ ውሃ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። መሬት ላይ ተነጥፎ ምንጣፍ የሚሆን እንደ ሞንቴ ካርሎ ያለ ተክል ብትፈልጊ ኖሮ አፈሩን እመክርሽ ነበር።

አሸዋው ግን ሥራ ይፈልጋል። ለግንባታ የሚሸጠው ጭቃም፣ ኖራም፣ የሲሚንቶ ፍርፋሪም ሊኖርበት ይችላል። ለ16.8 ሊትር ወደ 27 ኪሎ የታጠበ አሸዋ ያስፈልጋል። በማበጠርና በማጠብ ብዙው ስለሚቀነስ 45 ኪሎ ያህል ያዢ።

መጀመሪያ ደርቆ ይበጠር። ቀዳዳው 3 ሚሊሜትር በሆነ የሽቦ ወንፊት አሳልፊውና ከላይ የቀረውን ጠጠር ጣይው። ያለፈውን ደግሞ በትንኝ መከላከያ የመስኮት ሽቦ አሳልፊው፤ ቀዳዳው ከ1 ሚሊሜትር ትንሽ ይበልጣል። ሽቦው ላይ የሚቀረው፣ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ያለው፣ ለሥር ከሁሉ የተሻለው ነው፤ ወደ ኋላ ይሂድ፣ እስከ 7 ሴንቲ ቢሆን ችግር የለውም። ሽቦውን ያለፈው ደቃቁ ለኮሪዶራስ ይመቻል፤ ወደ ፊት ይሁን፣ ከ3 ሴንቲ ግን አይብለጥ። ደቃቅ አሸዋ በጥልቀት ሲነጠፍ ይጠቀጠቅና ውሃ አያሳልፍም፤ ከሥሩ አየር ያጣው ክፍል ጠቁሮ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያወጣል። ከ5 ሚሊሜትር በላይ የሆነ ጠጠር ደግሞ የዓሣ ኩስና የምግብ ትራፊ በመካከሉ ይሰርግበታል፣ ተክልም ቆሞ አይይዝም።

ቀጥሎ የአቼቶ ፈተና። አንድ ማንኪያ አሸዋ ብርጭቆ ውስጥ አድርጊና መጀመሪያ በውሃ አርጥቢው፤ ከደረቅ አሸዋ የሚወጣው አየር አረፋ መስሎ ያሳስታል። ውሃውን አፍስሰሽ እስኪሸፈን አቼቶ ጨምሪበት። በስልክ መብራት ከጎን ስታዪው ከአሸዋው ላይ ደቃቅ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ ኖራ ወይም የቀንድ አውጣ ቅርፊት አለበት ማለት ነው። እንዲህ ያለው አሸዋ ኬኤችን ሁልጊዜ ወደ ላይ ይገፋዋል። የእምነበረድ ፍርፋሪም እንደዚሁ ነው፣ ነጭነቱ ቢያምርም ይቅርብሽ።

አቼቶ ደካማ አሲድ ስለሆነ ትንሽ ኖራ ሊያመልጠው ይችላል። ለማረጋገጥ አንድ ኩባያ የታጠበ አሸዋ በሁለት ኩባያ የታሸገ የመጠጥ ውሃ ውስጥ ለ7 ቀን ዘፍዝፊ። ኬኤችን ቀድመሽም ኋላም ለኪ። ከ1 በላይ ከጨመረ ሌላ አሸዋ ፈልጊ።

ማጠቡ በሳፋ፣ በአንድ ጊዜ ከ3 ኪሎ ባልበለጠ ይሁን። በእጅ እስከ ታች እያማሰልሽ ድፍርሱን ድፊ። ከ8 እስከ 10 ጊዜ ይፈጃል። ውሃው ከተማሰለ በኋላ የሳፋው ወለል ጥርት ብሎ ሲታይሽ በቃ። እጣቢውን አትክልት ላይ ድፊው፣ ውሃው አይባክንም። በረኪና የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ፤ አያስፈልግም። በተለይ አቼቶ የነካው አሸዋ ላይ በረኪና ማፍሰስ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፣ ሳንባ ይጎዳል።

ማበጠሩ ከከበደሽ ለመዋኛ ገንዳ ማጣሪያ የሚሸጠው የሲሊካ አሸዋ ንጹሕ ነው። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.4 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ስለሆነ ከ4 ሴንቲ በላይ አታንጥፊው።

መረሬ

ስለ ሦስተኛው አማራጭ ማንም ስላልተናገረ ልጨምር። አፈር ከሥር፣ አሸዋ ከላይ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ በትዕግሥት ከተሠራ ለዓመታት ይመግባል። የሚበላሸው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አፈሩ ሳይዘጋጅ ሲገባ ነው።

ፍግ፣ ኮምፖስት ወይም ማዳበሪያ የነካው አፈር አይሆንም። ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ አሞኒያ ያፈልቃል፣ ኦክስጅንም ይበላል። የኦክስጅኑ ነገር አዲስ አበባ ላይ ይብሳል፤ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን ውሃው በተመሳሳይ ሙቀት ባሕር ዳርቻ ያለ ውሃ ከሚይዘው ኦክስጅን ሦስት አራተኛውን ያህል ነው የሚይዘው። ሌሊት ተክሎቹም ራሳቸው ኦክስጅን ይጠቀማሉ። አፈር ያለበት ገንዳ ሌሊት የአየር ፓምፕ ይፈልጋል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ መጠባበቂያ ይኑር።

ጥቁር መረሬ ብቻውን አይነጠፍም። ምግብ የመያዝ አቅሙ ከፍተኛ ቢሆንም ሲረጥብ ያብጣል፣ በተነካ ቁጥር ውሃውን ያደፈርሳል። ቀይ አፈር ብረት አለው፣ ግን ፎስፈረስን አጥብቆ ስለሚይዝ ብቻውን ድሃ ነው። የሚሻለው ፀረ-አረምም ፀረ-ተባይም ካልተረጨበት፣ ከመንገድ ዳርም ካልሆነ ሣር መሬት የተወሰደ ለም አፈር ነው። ከዘጠኝ እጅ ለም አፈር ጋር አንድ እጅ መረሬ ወይም ቀይ ሸክላ ቀላቅዪ።

በ3 ሚሊሜትር ወንፊት ንፊው። በባልዲ ዘፍዝፈሽ አማስዪና የተንሳፈፈውን ጭራሮና ሥር አንሺ። በማግሥቱ ውሃውን ቀስ አድርገሽ ድፊና አፈሩን ላስቲክ ላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ውፍረት አስጪው። ድርቅ ሲል እንደገና ዘፍዝፊ። ይህ አራት ጊዜ ይደገም፤ ዓላማው በስባሹ ነገር ከውጭ እንዲበሰብስ ነው። ክረምት ላይ ስለማይደርቅ ከጥቅምት በኋላ ያለውን ፀሐይ ጠብቂ። አፈሩ መዘጋጀቱን አፍንጫሽ ይነግርሻል። ሲረጥብ የፍግም የቅጠልም ሽታ ጠፍቶ የመጀመሪያ ዝናብ የነካው መሬት ብቻ መሽተት አለበት።

የሚነጠፈው 2.5 ሴንቲ፣ ከዚያ አይበልጥም፤ በላዩ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር የሆነው አሸዋ 3 ሴንቲ። ከጎኑ ካለው መስታወት 3 ሴንቲ ያህል ርቀት ላይ አፈሩን አቁሚና ዳሩን በአሸዋ ብቻ ሙዪው፤ አለዚያ ብርሃን የነካው አፈር በመስታወቱ በኩል አልጌ ያበቅላል። ከተተከለ በኋላ ሥር የሰደደ ተክል አይነቀልም፣ ከአንገቱ በመቀስ ይቆረጣል። አንድ ትልቅ ሶርድ ሲነቀል ከሥሩ የሚወጣው ጭቃ ገንዳውን ለቀናት ያደፈርሰዋል። ተክል እያዘዋወርሽ መሞከር የምትወጂ ከሆነ ይህን መንገድ ተዪው።

የጠዋት ጠል

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሁለት ነገር ብቻ። ሩት ታብ ካጣሁ ዩሪያ ወይም ኤንፒኤስ በትንሹ አሸዋ ውስጥ መቅበር ይቻላል? አኳሶይሉስ እንደ አሸዋው ይታጠባል?

ሥር ተካይ

ዩሪያን በፍጹም። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ውሃ ውስጥ ወዲያው ይሟሟና በባክቴሪያ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። 1 ግራም፣ በሁለት ጣት የምትቆነጥሪው ያህል፣ 85 ሊትር ውሃ ውስጥ በሊትር ከ6 ሚሊግራም በላይ አሞኒያ ይሆናል። ፒኤች 7.8 ላይ ይህ ገንዳውን ሙሉ ይፈጃል። ኤንፒኤስም 19 በመቶ ናይትሮጅንና 38 በመቶ ፎስፌት ይዞ በአንዴ ነው የሚሟሟው፤ ለእርሻ እንጂ ለገንዳ አልተሠራም።

የአበባ እርሻዎች የሚጠቀሙበት፣ በሽፋን ተጠቅልሎ ለወራት ቀስ እያለ ምግብ የሚለቅ ኦስሞኮት የሚባል ማዳበሪያ ካገኘሽ እሱ ይሆናል። ባዶ የጄላቲን እንክብል ውስጥ አሥር ፍሬ ያህል አድርገሽ በወረንጦ እስከ መስታወቱ ድረስ ቅበሪው። ላይ ላዩን ከቀረ ይዘቱ ወደ ውሃው ይወጣል። እንክብሎቹ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ተራርቀው ይቀበሩ፣ በየ3 እና 4 ወር ይታደሱ። ለሶርዱ ሦስት እንክብል ከግንዱ 6 ሴንቲ አርቀሽ ዙሪያውን፤ ለሁለት ክሪፕት አንድ ይበቃል።

አኳሶይል አይታጠብም። ፍሬው ሲታሽ ወደ ጭቃ ይመለሳል። ደረቁን አንጥፊ፣ በሚረጭ ጠርሙስ አርጥቢ፣ ውሃው ሳይሞላ ትከዪ። ክሪፕቶቹ ከተተከሉ በኋላ ቅጠላቸው ቢቀልጥ አትንቀያቸው፤ ሥሩ ደህና ከሆነ በሳምንታት ውስጥ አዲስ ቅጠል ያወጣል። ውሃ ስትሞዪ በመደቡ ላይ ፌስታል ዘርግተሽ ሳህን አስቀምጪበትና ሳህኑ ላይ በቀጭን ቱቦ አውርጂ። ለ85 ሊትር ግማሽ ሰዓት ብትወስጂ አይበዛም።

ዓሣ የሚገባው አሞኒያና ከእሱ የሚፈጠረው ናይትራይት ለአንድ ሳምንት ሙሉ ዜሮ ሲያሳዩ ነው፤ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ በፈረቃ የመጣውን ውሃ ከመቀየርሽ በፊት ኬኤቹን ለኪ። 8 በሆነበት ሳምንት ግማሽ ሳይሆን አምስት አንድ እጁን ብቻ ቀይሪ፣ ኒዮኖቹ ድንገተኛ ለውጥ አይወዱም። ኬኤች ለማውረድ የዝናብ ውሃ የምትቀላቅዪ ከሆነ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ አይሁን፤ ቆርቆሮው የተለበጠበት ዚንክ አብሮ ይወርዳል።

ሐይቅ ዳር

አሸዋው እንዳይጠቀጠቅ ብለው ከሐይቅ ዳር ቀንድ አውጣ የሚለቅሙ ሰዎች ስላሉ ይህን ልጨምር። አሸዋ ውስጥ እየተሹለከለከ የሚያላውሰው ሾጣጣው ሜላኖይድስ ጠቃሚ ነው፣ ግን ገንዳ ውስጥ ካራባ ሰው ብቻ ተቀበይ። ሐይቆቻችንና ወንዞቻችን ውስጥ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች አሉ። ከሐይቅ በተነቀለ ተክል ላይም ተጣብቀው ይመጣሉ፣ አንቺም ሌላ ቀን በባዶ እጅሽ ነው ገንዳው ውስጥ የምትገቢው።

ቀንድ አውጣው ካልተገኘ በ15 ቀን አንዴ ውሃ ከመቀየርሽ በፊት ተክል የሌለበትን አሸዋ በቀጭን እንጨት ወጋ ወጋ አድርጊው። ሽታ የሌለው አረፋ ቢወጣ አትደንግጪ። የእንቁላል ሽታ ከመጣ ግን የዚያን ዕለት ወጊያውን እዚያው አቁሚ፣ የአየር ፓምፑን ክፈቺና ግማሽ ውሃ ቀይሪ። የቀረውን ቦታ በየሁለት ቀኑ የእጅ መዳፍ በምታህል ስፋት ብቻ እየከፈልሽ ጨርሺው።